የቦታ ስም እንደ መሠረታዊ የምድር መረጃ፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በካርታ ሥራ ታሪክ ውስጥ

ስለ ልማት ዕቅድ በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የገንዘብና የባለሙያ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕቅዱ የሚያርፍበት ቦታ የት እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚዋሰንና ማን ተብሎ እንደሚጠራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ ለአባል አገሮች ደጋግሞ ካሳሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለማናቸውም ዕቅድ የግድ ናቸው ተብለው ከተዘረዘሩት መሠረታዊ የምድር መረጃዎች መካከል የልኬት ነጥቦች፣ የምድር ከፍታ፣ የውኃ አካላት፣ የአስተዳደር ወሰኖች፣ የመሬት ይዞታዎችና መንገዶች ይገኙበታል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የቦታ ስምም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚቴ ለመላው ዓለም ባወጣቸው 14 ርእሶች ውስጥም የቦታ ስም ራሱን ችሎ አንድ ርእስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከነዚህ ሁሉ መረጃዎች መካከል በመሣሪያ የማይለካው ስም ብቻ ነው። ተራራን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ማንሣትና ቁመቱን መለካት ይቻላል፤ ስሙን ግን ከሰው አንደበት ካልሰሙት በቀር ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የካርታ ሥራ ከቋንቋ ጥናት ጋር የሚገናኘው በዚህ በአንዱ ነጥብ ነው፤ የአገራችን የካርታ ሥራ ታሪክ በብዛት የተሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ይህን ለማሳየት በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መርጠናል። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምድሩ ከጉና ተራራ ውርጭ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ድረስ የሚወርድ በመሆኑ የቦታ መጠሪያ ቃላቱ የበለጸጉ ናቸው። ሁለተኛ፣ አካባቢው በተደጋጋሚ በድርቅ የተጠቃና ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት አንዱ በመሆኑ በዚያ የሚሠራ የስም ስሕተት በመዝገብ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

በቅድሚያ ስለ መነሻው ጥቂት እንበል። የዚህን አገር ስሞች ለካርታ በጥንቃቄ ለመጻፍ ከተደረጉት ቀደምት ጥረቶች አንዱ የጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ ቋንቋውንና የአገሩን ነገር ከእርሳቸው ተማረ፤ ካርታውንም በ1683 አወጣ። አገሩን ሳያይ አገሩን የሚያውቅ ሰው መጠየቁ ከብዙ ተጓዦች የተሻለ ነበር። ከእርሱም በኋላ በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው አንቷን ዳባዲ ነው። ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ቆይቶ ከተራራ ወደ ተራራ በመሣሪያ እያነጣጠረ የቦታዎችን አቀማመጥ ለካ፤ የልኬቱንም ውጤት ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት አሳተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ምድር ለኪውና መዝገበ ቃላት ሠሪው አንድ ሰው መሆናቸውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ዳባዲ ቀ ከከ፣ ጠ ከተ የሚለይበትን መንገድ ሳያበጅ ስም መጻፍ ከንቱ መሆኑን ዐውቆ ነበር። ከእርሱ ወዲህ ግን ሁለቱ ሙያዎች ተለያዩ፤ ለኪው ለብቻው፣ ቃል ሰብሳቢውም ለብቻው ሆነ።

ጋይንት በሰፊው ዓለም ካርታ ላይ የገባው በጦር መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ከባድ መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋይንት አልፈው በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ ወጡ፤ ከዚያም በደላንታ አድርገው የበሽሎን ገደል ተሻገሩ። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወራት ፈጀ፤ ምክንያቱም መንገዱን እየጠረጉ መሄድ ግድ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም ስለ ዘመቻው በ1869 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መንገድ ተርኳል። በዚህ ዓይነት የተገኘ የምድር መረጃ ጠባዩ ግልጽ ነው፤ ሠራዊት ያለፈበት መስመር ስም ይኖረዋል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ጨጨሆ በአውሮፓ ካርታ ላይ ሲታወቅ ብዙው የስማዳ ቆላ ስም አልባ ነበር።

የጣልያን ወረራ ዘመንም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ይዞታቸው የታተመው የጣልያን የመንገደኞች መምሪያ መንገዱን ተከትሎ ስሞችን ይዘረዝራል፤ ነገር ግን በጣልያንኛ አጻጻፍ ጨ እና ቸ፣ ቀ እና ከ አይለዩም። ከዚያ ዘመን የቀረው ትልቁ ቁም ነገር ከስሙ ይልቅ ሥዕሉ ነው። ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ጣልያኖች ከአውሮፕላን ያነሧቸው ፎቶግራፎች በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ቆይተው በቅርብ ዓመታት እንደገና በመገኘታቸው የደንና የእርሻ መሬት ለውጥ የሚያጠኑ ሊቃውንት እየተጠቀሙባቸው ነው። በፎቶግራፎቹ ላይ አምባውና ገደሉ ይታያሉ፤ ማን እንደሚባሉ ግን አይነግሩም።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ሲያቋቁም ሥራው በአገር ልጅ እጅ መግባት ጀመረ። ቀጥሎም የአሜሪካ መንግሥት የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት በገባው ስምምነት መሠረት የልኬት ነጥቦች በተፋሰሱ ውስጥ ተተከሉ፤ የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1964 ቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የ1:50,000 እና የ1:250,000 ካርታዎች የተመሠረቱበት የልኬት መነሻ «አዲንዳን» ይባላል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲሠራ ነዋሪዎቹ ተነሥተው መንደሩ በውኃ ተዋጠ፤ ስሙ ግን በያንዳንዱ የኢትዮጵያ ካርታ ግርጌ ተጽፎ ቀረ። ቦታው ጠፍቶ ስሙ ለመቆየቱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በእኛ ገጠር የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቦታው አለ፣ ስሙ እየጠፋ ነው።

የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1950 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱን የሚሸፍን ዝርዝር ካርታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ካርታው እየተሠራ ሲሄድ የስሞቹ አጻጻፍ ችግር ሆነ። ኢንስቲትዩቱ ፊደላችንን ወደ ላቲን የሚመልስ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በጄኔቭ የተደረገው የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤም ይህንኑ መሠረት ያደረገ ሥርዓት ተቀበለ። ሥርዓቱ በራሱ መጥፎ አይደለም። ግዕዝ የሆነው ሆሄ በላቲኑ አምስተኛ ፊደል ያለ ምልክት ይጻፋል፤ ኃምስ ሲሆን በዚያው ፊደል ላይ አግድም ሰረዝ ይደረግበታል። ሳድስ በላቲኑ ዘጠነኛ ፊደል ያለ ምልክት፣ ሣልስ ደግሞ በዚያው ፊደል ከሰረዝ ጋር ይጻፋል። ቀ፣ ጠ እና ጨ የሚለዩት በሚከተላቸው ትንሽ ጭረት ነው። ችግሩ የመጣው ምልክቶቹ ሲወድቁ ነው። የጽሕፈት መኪናውም በኋላም ኮምፒዩተሩ ሰረዙንና ጭረቱን በቀላሉ አያወጣም ነበር፤ ጸሐፊውም አላስፈላጊ ጌጥ ይመስሉትና ይተዋቸዋል። ካርታው በአብዛኛው በላቲን ፊደል የታተመ በመሆኑም ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ስሙን ከካርታው ላይ ወስዶ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ሌላ ስም ይወለዳል።

የመረጥናቸው ሦስት አገሮች ስሞች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። እስቴ ኃምሱንና ሳድሱን አጥታ «ኢስተ» ትሆናለች። ስማዳ «ሲማዳ» ትባላለች፤ ይህ እንዲያውም በብዙ ጽሑፍ ከመለመዱ የተነሣ ትክክለኛው እርሱ የሚመስላቸው አሉ። በጋይንት ውስጥ ያለው ይ ተነባቢነቱ ቀርቶ እንደ አናባቢ ሲቈጠር ስሙ በአምስትም በስድስትም የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚህም መዝገብ ላይ ሁለት ወረዳ የሆነ ይመስላል። ነፋስ መውጫ ጭረቷ ሲወድቅ «መውቻ»፣ ጨጨሆም «ቸቸሆ» ይሆናሉ። ለአገሩ ሰው ይህ የሚያስቅ ብቻ ነው። ሁለት ዝርዝር አመሳክሮ እህል ለሚያከፋፍል ወይም የጤና ኬላ ለሚመድብ ሠራተኛ ግን አንዱ ቦታ ሁለት፣ ሁለቱም አንድ የሚሆኑበት አጋጣሚ ነው።

ከላቲን ፊደል ብንላቀቅም ከችግሩ አንላቀቅም፤ ምክንያቱም ችግሩ በራሳችን ቤትም አለ። ዓባይን በዓይኑ ዓ፣ በዐ ወይም በአልፋው አ የሚጽፉ አሉ። ዓርብ ገበያ፣ ዐርብ ገበያ፣ አርብ ገበያ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሐሙሲት በሀሌታው፣ በሐመሩና በብዙኃኑ ሲጻፍም እንዲሁ ነው። ስለ ሞክሼ ሆሄያት በየጊዜው የተደረገው ክርክር ለብዙ ሰው የሊቃውንት ጨዋታ መስሎ ይታይ ነበር፤ አሁን የመረጃ ጉዳይ ሆኗል። እኛ በዚህ ቦታ የምንደግፈው ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ወይም ይቈዩ የሚለውን አይደለም። የምንደግፈው ለያንዳንዱ የቦታ ስም አንድ የጸደቀ አጻጻፍ ተወስኖ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ከሥሩ እንዲመዘገቡ ነው። መዝገበ ቃላት ለቃላት የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። በዚህም ላይ ፊደላችን የማያሳየው መጥበቅና መላላት አለ፤ «ዋና» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ እንደ መሆኑ ሁሉ ስምም እንዲሁ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ በካርዱ ላይ የማጥበቂያ ምልክት ማድረግ የለመደ ሥራው ነው፤ የካርታ ባለሙያው ግን እንዲያደርግ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ስሞቹ ፍቺ እንመለስ። በዚህ አካባቢ ስም ራሱ የምድር መረጃ ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት መባላቸው የከፍታ ልኬት ነው፤ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን፣ የስማዳ ቆላ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ራሷ ስለ አየሩ ጠባይ የሚናገር ስም ይዛለች። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ የገበያ ቀን ትነግረናለች። በዚህ ረገድ ከደራዋ ሐሙሲትና ከጎንደር አጠገብ ካለችው ማክሰኝት ጋር ብናነጻጽራት የአሰያየም ልዩነት እናያለን፤ ሁለቱ በቅጥያ ሲመሠረቱ እርሷ በሁለት ቃላት ተመሥርታለች። ክምር ድንጋይ የሚታይ ምልክት ናት። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ በግዕዝ ዘርፍና ባለቤት አያያዝ የተሰየመች ስትሆን ሕዝቡ እስቴ ብሎም ይጠራታል፤ ስሟን በኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው ከከተማዋ አስቀድሞ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንን ድርጅቶች የሚያገኝ መሆኑን በነገር ነገር እናነሣለን። አንዳቤትን ግን «አንድ ቤት» ብሎ ለመፍታት መቸኰል አይገባም። በዚህ አገር ከአማርኛ በፊት የአገውና የጋፋት ልሳናት ይነገሩ ነበር፤ ጋፋት ከጠፉት ልሳናት አንዱ ሲሆን ቮልፍ ሌስላው የመጨረሻ ተናጋሪዎቹን ፈልጎ አግኝቶ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1956 ባያሳትም ኖሮ የምናውቀው ነገር እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። ፍቺው ለጆሮ ግልጽ የሚመስል ስም ከቀደመ ቋንቋ ተወርሶ በአማርኛ የተቃና ሊሆን ይችላል።

የምድሩን ቅርጽ የሚያመለክቱት ቃላት ከዚህም ይበልጣሉ። በላቲን ፊደል የታተመው ካርታ ተራራና ሸለቆ ከማለት ብዙም አያልፍም። የአገሩ ሰው ግን አምባ የሚለው አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነውንና በአንድ ወይም በሁለት በር ብቻ የሚወጣበትን ነው። አፋፍ የገደሉ ጠርዝ ነው፤ ሸንተረር የተዘረጋ ጀርባ፣ ጉብታ ትንሽ ከፍታ፣ ፈፋ ጎርፍ የቆፈረው መውረጃ ነው። አንድ ቦታ አምባ ከተባለ መንገድ የሚገባበት አቅጣጫ ከስሙ ይታወቃል ማለት ነው፤ መንገድ ቀያሹ ቃሉን ቢያውቀው ብዙ ቀን ከመመላለስ ይድናል። ወንዝም እንደዚሁ ነው። በደጋው አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ መገናኛው አንድ ስም ይዞ አይወርድም፤ በሚያልፍበት መንደር፣ በመሻገሪያው ወይም በአጠገቡ ባለው ደብር ስም ይጠራል። የካርታ ሠራተኛው አንድ ሰው ጠይቆ ያገኘውን ስም ለወንዙ በሙሉ ሲሰጠው አምስት ስም ይጠፋል።

የአስተዳደር ስም ታሪክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በጌምድር ከሰሜን ጋር ሆኖ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ የጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ዛሬ ጉና በጌምድር የሚባል ወረዳ አለ። እስከ ሰሜን ተራሮች ይደርስ የነበረው ስም ወደ አንድ ወረዳ ተሰብስቦ መቅረቱን ያላወቀ ተመራማሪ የቀድሞውን የበጌምድር አኃዝ ከዛሬው ወረዳ አኃዝ ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። ከቀድሞው እስቴ አንዳቤት፣ ከስማዳም ሰዴ ሙጃ ተለይተው ወረዳ ሆነዋል፤ ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. በተጀመረው የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ «ስማዳ» የተባለውና ዛሬ ስማዳ የተባለው ስም እንጂ ምድሩ አንድ አይደለም። የቈጠራው መሥሪያ ቤት ለየቦታው የቁጥር መለያ መስጠቱ ለዚህ ዓይነቱ መደናገር ያበጀው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ቁጥር ከሰው አፍ አይወጣም። ጐርፍ የወሰደው ድልድይ የት እንደ ሆነ የሚናገር ገበሬ የሚጠቅሰው ስሙን ነው።

ከቀበሌ በታች ያለው ስም ከሁሉም ይልቅ ያሳስበናል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ለአንዱ ማኅበር 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሔክታር ያህል መሬት መነሻ አድርጎ ነበር። በየማኅበሩ ውስጥ ያሉት ጎጦች፣ መስኮች፣ ምንጮችና ማሳዎች ግን እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። በሕግ ጽሑፋችን «ልዩ ስሙ እገሌ ከተባለው ቦታ» የሚለው ሐረግ የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ልዩ ስም የሚለው አነጋገር በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ ሊገባ የሚገባው የሙያ ቃል ነው ብለን እናስባለን። በሸዋና በደቡብ አገር መሬቱ በቀላድ ሲለካ በበጌምድርና በጎጃም ርስት ሳይለካ ስለ ቈየ፣ የመሬቱ መዝገብ የሰው ትዝታ ነበር፤ ልዩ ስሙን፣ አዋሳኙንና የአቅኚውን አባት ስም የሚያውቅ ሽማግሌ እንደ ካርታ ያገለግል ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ ልኬት ርስትን ያስወስዳል የሚለው ፍርሃት አብሮ ነበረ። ስለዚህም ስም ጠያቂ ለሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሙሉ መልስ አይሰጥም ነበር፤ በካርታው ላይ ያለው የስም ድህነት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ማሳው የታወቀው በአዋሳኝና በቦታው ስም ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ ከአውሮፕላን በተነሣ ሥዕል ላይ ወሰኑ ተሠምሮ ለያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ለባለይዞታው ዋስትና ነው፤ ድካሙንም እናደንቃለን። ይሁንና መለያው ቁጥር ከሆነ ልዩ ስም ለሕጉ አያስፈልግም፤ የማያስፈልግ ስም ደግሞ በአንድ ትውልድ ይረሳል። በተፋሰስ ልማት ዕቅድ ጊዜ የየጎጡ ሰው መሬት ላይ የሚነድፋቸው ንድፎችም በነዚህ ስሞች የተሞሉ ናቸው፤ ወደ ወረዳ ሲወጡ ግን በተፋሰስ ቁጥር ይተካሉ።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር እንበል። የቀድሞው የካርታ ሥራ ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በተባለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል። በአንድ ስም ውስጥ አራት የውጭ ቃላት! «ጂኦስፓሻል» የሚለውን በ«ምድር ነክ» ወይም «የምድር መረጃ» መተካት ይቻል ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን የተጠቀምነው አጭርና ለመዝለቅ የተመቸ በመሆኑ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ሥራ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መሬት መዝጋቢው ከባለይዞታዎቹ ጋር ወሰን ሲያመላክት ስሙ በመስኩ ላይ ይነገራል፤ በዚያው ሰዓት በፊደላችን ቢጻፍ፣ የሚጠብቀው ፊደል ቢመለከት፣ የቦታው ዓይነት ምንጭ ነው ወይስ አፋፍ ወይስ መሻገሪያ መሆኑ ቢታወቅ፣ ሌላ መጠሪያም ካለው ቢጨመር፣ ከማሳው ቁጥር ጋር ተያይዞ ለዘለቄታው ይቀመጣል። ድምፁን በስልክ መቅዳትም ዛሬ ቀላል ነው። ከየት ይጀመር ለሚለው ግን ምርጫው ሰፊ አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ከድርቅ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰቦች ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ሰፍረዋል፤ ወደ ከተማ የወጣው ወጣትም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በበሽሎና በዓባይ አፋፍ ላይ ካሉት የስማዳና የታች ጋይንት ጎጦች መጀመር ይገባል፤ የሰፋሪዎቹም ሽማግሌዎች በሄዱበት አገር ተፈልገው መጠየቅ አለባቸው።